ኮምፒውተርን ለታዳጊዎች ማስተማር፦ መጀመሪያ ይገምቱ፣ ከዚያ ይንኩ

ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 15 የሆኑ ተማሪዎች ክፍል ገብታችሁ «ኮምፒውተር እንማራለን» ስትሉ ግማሾቹ «ይሄማ ቀላል ነው» የሚል ፊት ያሳይዋችኋል። በከፊል እውነታቸውን ነው። ቪዲዮ ቆርጠው ይቀጥላሉ፤ ስልክ ላይ ጣታቸው ከእኛ ይፈጥናል። ግን «ያለፈው ሳምንት የሠራኸው ፋይል የት ነው ያለው?» ሲባሉ «ኮምፒውተሩ ውስጥ» ይላሉ። እውቀቱ እዚያ ላይ ያበቃል።

ይህ መመሪያ በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ለሚያስተምሩ ነው። አንድ ነገር ይደጋገምበታል፤ ሆን ብዬ ነው። ተማሪው ቁልፍ ከመጫኑ በፊት «ምን ይሆናል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን በጽሑፍ ያስቀምጥ። የገመተ ልጅ ውጤቱን በጉጉት ይጠብቃል። ግምቱ ሲከሽፍ ደግሞ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ከራሱ ይመጣል። ያልገመተ ልጅ ግን ስክሪኑ ላይ የመጣለትን ሁሉ አሜን ብሎ ይቀበላል።

ይህን አካሄድ እኔ አልፈጠርኩትም። የኮምፒውተር ትምህርት ተመራማሪዋ ሱ ሴንታንስና ባልደረቦቿ ለፕሮግራሚንግ ትምህርት አምስት ደረጃ አስቀምጠዋል፦ መገመት፣ ማስኬድ፣ መመርመር፣ ማሻሻል፣ በመጨረሻም የራስን መሥራት። እኔ ከፕሮግራሚንግ ውጭም እጠቀምበታለሁ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ተራ ደብተር ነው። አዎ፣ ወረቀት።

ደረጃ 1፦ የሚችሉትን ለዩ

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ምንም አታስተምሩ። የሚከተሉትን ሥራዎች ስጧቸውና እየተዘዋወራችሁ ተመልከቱ፦

1. በስማችሁ ፎልደር ክፈቱ።
2. አምስት መስመር ጽፋችሁ ፎልደሩ ውስጥ ሴቭ አድርጉ።
3. ፕሮግራሙን ዝጉና ፋይሉን መልሳችሁ አግኙ።
4. ከኢንተርኔት አንድ ሥዕል አውርዳችሁ ጽሑፉ ውስጥ አስገቡ፤ ሥዕሉ የማን እንደሆነም ጻፉ።

ማርክ የለውም፤ ይህንንም ቀድማችሁ ንገሯቸው። ሦስተኛው ላይ ብዙዎች ይወድቃሉ። ስልክ ፋይሉን ከዓይናቸው ሰውሮ ስላሳደጋቸው ነው እንጂ ስንፍና አይደለም። አራተኛው ላይ ደግሞ የሥዕሉን ባለቤት የፍለጋ ድረ ገጹ አድርገው የሚጽፉ አይጠፉም። ይህን ለደረጃ 7 መዝግቡት።

ታይፕ ስለማድረግ ብዙ አልልም። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ደረጃ 2፦ ማሽኑን ሳትከፍቱ ጀምሩ

ኮምፒውተር ሳይነኩ የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተማር ይቻላል። በኒውዚላንድ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲው ቲም ቤልና ባልደረቦቹ ለዓመታት ሲያስፋፉት የቆዩት መንገድ ነው። ማሽን ስላነሰ የሚደረግ ማካካሻ አድርጋችሁ አትዩት። ማሽኖች ሞልተው ተርፈው እንኳ እኔ በዚሁ ነው የምጀምረው።

ከሁሉም የምወደው የካርዱ ጨዋታ ነው። አንዱ ገጻቸው ጥቁር፣ ሌላው ነጭ የሆኑ 36 ካርዶች ቁረጡ። አንድ ተማሪ 25ቱን በ5 ረድፍና በ5 ዓምድ እንደፈለገ ይደርድር። እናንተ «ትንሽ ላክብደው» በሉና በቀኝ አንድ ዓምድ፣ ከታች አንድ ረድፍ ጨምሩ። ስትጨምሩ በየረድፉና በየዓምዱ ያሉት ጥቁሮች ብዛት ተጋማሽ፣ ማለትም 0፣ 2፣ 4 ወይም 6 እንዲሆን አድርጉ። አሁን ዙሩና አንድ ተማሪ አንድ ካርድ ብቻ ይገልብጥ። ስትመለሱ ጥቁሮቹ ጎዶሎ የሆኑበትን ረድፍና ጎዶሎ የሆኑበትን ዓምድ ፈልጉ። ሁለቱ የሚገናኙበት ካርድ ነው የተገለበጠው።

ክፍሉ ይንጫጫል። «አየህ! በመስኮቱ አይተህ ነው!» የሚልም አለ። ድገሙት። ሦስተኛው ዙር ላይ አንዱ መቁጠር ይጀምራል። እሱ እስኪደርስበት ድረስ ምስጢሩን አትናገሩ።

ከዚያ ጥያቄው ይምጣ፦ ሁለት ካርድ ቢገለበጥስ? ይገምቱ፣ ይጻፉ፣ ይሞክሩ። ሁለቱ በአንድ ረድፍ ላይ ካሉ የረድፉ ቁጥር ተጋማሽ እንደሆነ ይቀራል፤ ሁለት ዓምዶች ብቻ ጎዶሎ ይሆናሉ። ስህተት መኖሩ ይታወቃል፤ የትኛው ረድፍ ላይ እንደሆነ ግን አይታወቅም። ኮምፒውተሮች መረጃ ሲላላኩ የተበላሸውን የሚያውቁት በዚህ ዓይነት ተጨማሪ ምልክት ነው። በመጻሕፍት ጀርባ ላይ ያለው ባለ 13 አሃዝ ቁጥር የመጨረሻ አሃዝም ሥራው ይኸው ነው፤ ከፊቱ ያሉትን 12 አሃዞች ይቆጣጠራል።

የቁጥር ግመታም አትዝለሉ። ከ1 እስከ 100 አንድ ቁጥር በልባችሁ ያዙ። ተማሪዎች «አዎ» ወይም «አይ» የሚባልበት ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ። በየጊዜው የቀረውን ለሁለት ከከፈሉ 7 ጥያቄ ይበቃቸዋል። «እስከ 1,000 ቢሆንስ?» በሏቸው። አብዛኛው ክፍል 70 ይላል። መልሱ 10 ነው። እስከ ሚሊዮን? 20።

ደረጃ 3፦ የኮምፒውተር ክፍሉን ሥርዓት አስይዙ

አንድ ማሽን ለሁለት ሰው ይሁን፤ ማሽን ቢበዛም። አንዱ ኪቦርዱን ይይዛል፤ ሌላው ይመራል፣ ስህተት ይጠቁማል። መሪው ማውስ አይነካም። በየ7 ደቂቃው ይቀያየሩ፤ ሰዓቱን እናንተ ያዙ። ካልያዛችሁ ፈጣኑ ልጅ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ይጫናል፣ ሌላው ጣሪያ ሲያይ ይውላል።

ሕጉ ለመምህርም ይሠራል። የተማሪን ማውስ አትንኩ። እጃችሁን ወደ ኋላ አጣምሩና «ያሰብከው ምን ነበር? የሆነው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀላል ይመስላል እንጂ ከባድ ነው። 10 ሰው እጁን አውጥቶ ሲጠብቅ አንዱን በሁለት ክሊክ አስተካክሎ ማለፍ በጣም ያጓጓል። የተስተካከለለት ልጅ ግን በሚቀጥለውም ሳምንት እጁን ያወጣል።

ለፋይል ስም አንድ ወጥ አሠራር አውጡ፦ ክፍል፣ ስም፣ የሥራው ቁጥር። «አዲስ»፣ «አዲስ 2»፣ «የመጨረሻ እውነተኛ» የሚሉ ስሞች ተቀባይነት የላቸውም።

ፋይሎች ላይ ሳላችሁ ይህችን ሙከራ አሠሯቸው። በተራ የጽሑፍ መጻፊያ «ሀ» ብቻ ጽፈው በዩቲኤፍ 8 (UTF-8፣ ፊደላት ፋይል ውስጥ የሚቀመጡበት አሠራር) ሴቭ ያድርጉ። ፋይሉ ስንት ባይት (የፋይል መጠን መለኪያ) ይሆናል? አብዛኛው 1 ብሎ ይገምታል። ፕሮፐርቲስ የሚለውን ከፍተው ሲያዩ 3 ነው። በላቲን ፊደል ቢሆን 1 ይሆን ነበር። 6 ከመጣ አትደንግጡ፤ መጻፊያው ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ባለ 3 ባይት ምልክት ጨምሮ ነው። የግዕዝ ፊደላት ዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ውስጥ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይይዛሉ። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር መሆኑን ከረጅም ገለጻ ይልቅ ይህች ሙከራ ታሳያለች።

ደረጃ 4፦ በስክራች ፕሮግራም ማንበብ፣ ከዚያ መጻፍ

ስክራች እ.ኤ.አ. በ2007 ከኤምአይቲ ሚዲያ ላብ የወጣ ነጻ የፕሮግራሚንግ መማሪያ ነው። ትእዛዞቹ እየተገጣጠሙ የሚሠሩ ቁርጥራጮች ናቸው፤ በአማርኛም ይሠራል። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ቅጂ ቀድማችሁ ጫኑ፤ ኢንተርኔት የሚጠፋው ሁልጊዜ በትምህርት ሰዓት ነው።

ባዶ ስክሪን ሰጥታችሁ «ፍጠሩ» አትበሉ። የተዘጋጀ አጭር ፕሮግራም በፕሮጀክተር ወይም በሰሌዳ አሳዩ፦ ብዕር አውርድ፤ 4 ጊዜ ድገም፤ 100 እርምጃ ሂድ፤ 90 ዲግሪ ታጠፍ። ምን ይሥላል? ደብተራቸው ላይ ይሣሉት። ከዚያ ይሠራና ይታያል። ካሬ ነው፤ አብዛኛው ያገኘዋል።

ቀጥሎ «ወደ ሦስት ማዕዘን ለውጡት» በሉ። 4ን ወደ 3 ይቀይራሉ። ዲግሪውስ? ሒሳብ ክፍል እኩል ጎን ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ እያንዳንዱ አንግል 60 እንደሆነ ተምረዋል። 60 ያስገባሉ። የሚወጣው ሦስት ማዕዘን አይደለም፤ የስድስት ጎን ቅርጽ ግማሽ ነው። እዚህ ላይ ዝም በሉ። ይዩት።

ከዚያ አንድ ልጅ አስነሱና ወለሉ ላይ ሦስት ማዕዘኑን በእግሩ ይሂድበት። ጥጉ ላይ ሲደርስ ምን ያህል ዞረ? ወደ ኋላው ሊመለስ ትንሽ እስኪቀረው ነው የሚዞረው። የሚታጠፈው በውጪው አንግል ነው፤ 180 ሲቀነስ 60፣ ማለትም 120። ሙሉውን ዞሮ ሲመለስ አንድ ሙሉ ክብ ዞሯል፤ 360ን ለ3 ማካፈል ነው። ለአምስት ጎንስ? 72። ደንቡን ራሳቸው ያውጡት።

ለፈጣኖቹ ደግሞ «36 ጎን» በሏቸው። 10 ዲግሪ መሆኑን ወዲያው ያገኛሉ። እርምጃውን 100 ላይ ከተዉት ግን ሥዕሉ ይበላሻል፤ ገጸ ባሕሪው ጠርዝ ይመታል። የስክራች መድረክ 480 በ360 ነው። የ36 ጎኖች ድምር 3,600 ከሆነ ክቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ1,100 በላይ ይሆናል ማለት ነው። ስንት እርምጃ ይበቃል? 10 አድርገው ሲሞክሩ ጥሩ ክብ ይወጣላቸዋል።

በእግር እየሄዱ መማር አዲስ ነገር አይደለም። ሲሞር ፓፐርት፣ ሲንቲያ ሰለሞንና ዋሊ ፎየርዛይግ እ.ኤ.አ. በ1967 ሎጎ የተባለውን ቋንቋ ለልጆች ሲያዘጋጁ፣ ኋላ ላይ ወለል ላይ እየሄደች የምትሥል ኤሊ የምትመስል ሮቦት ጨምረውበታል። ስክራች የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

ደረጃ 5፦ ወደ ፓይተን መሻገር

ሉፕን (ትእዛዝ መደጋገምን) እና «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» የሚለውን ስክራች ላይ ያለ ረዳት መሥራት ሲችሉ ትእዛዙ በጽሑፍ ወደሚሰጥበት የፕሮግራሚንግ ቋንቋ፣ ወደ ፓይተን ተሻገሩ። አትቸኩሉ። ጽሑፋዊ ፕሮግራም ላይ አንዲት ሁለት ነጥብ (:) ብትጎድል ምንም አይሠራም፤ ሐሳቡን ገና ያልያዘ ልጅ እዚያ ላይ ተስፋ ይቆርጣል።

ፓይተን 3 ለቫሪያብል (ዋጋ ለሚይዝ ስም) የግዕዝ ፊደል ይቀበላል። ስለዚህ ይህን ሰሌዳ ላይ ጻፉ፦

ሀ = 5
ለ = ሀ
ሀ = 7

የ«ለ» ዋጋ ስንት ነው? ብዙዎች 7 ይላሉ። ምክንያታቸው ሞኝነት አይደለም። ሒሳብ ላይ «ለ እኩል ነው ሀ» ከተባለ ሁለቱ ምንጊዜም እኩል ናቸው። ፓይተን ላይ ግን ምልክቱ ትእዛዝ ነው፤ በቀኝ ያለውን ዋጋ አስልተህ በግራ ባለው ስም አስቀምጥ ማለት ነው። ሁለተኛው መስመር ሲሠራ «ሀ» 5 ነበር፤ «ለ» ያንን ይዞ ቀረ። መልሱ 5 ነው።

ማስረዳት ብቻውን አይበቃም። ደብተራቸው ላይ ሁለት ዓምድ ይሥሩ፤ አንዱ ለሀ፣ አንዱ ለለ። በየመስመሩ ዋጋው ሲለወጥ አሮጌውን ሰርዘው አዲሱን ይጻፉ። ለብዙ ሳምንታት ከዚህ ሰንጠረዥ አትላቀቁ። ያሰለቻል፤ ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም።

ሮይ ፒ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ተማሪዎች ፕሮግራም ሲማሩ የሚሠሩትን ስህተት መርምሮ ነበር። ከብዙዎቹ ስህተቶች ሥር አንድ እምነት አገኘ፦ ማሽኑ ውስጥ ሐሳባቸውን የሚረዳ አንዳች አእምሮ ያለ ይመስላቸዋል። «አማካዩን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል» የሚል ልጅ ሲያጋጥማችሁ ይህን አስታውሱ። መድኃኒቱ ያው ነው፤ ፕሮግራሙን መስመር በመስመር እሱ ራሱ ኮምፒውተር ሆኖ ያስኪደው።

ኤረር (የስህተት መልእክት) ሲመጣ ማንበብን አስተምሩ። ቀይ ጽሑፍ ሲያዩ ልጆች በድንጋጤ ይዘጉታል። በፓይተን የመጨረሻው መስመር ምን ዓይነት ስህተት እንደሆነ ይናገራል፤ ከእሱ በላይ የመስመሩ ቁጥር አለ። በዚያ መስመር ላይ ችግር ካልታየ ከላዩ ያለውን ይዩ፤ ያልተዘጋ ቅንፍ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። አሥር የተበላሹ አጫጭር ፕሮግራሞች አዘጋጅታችሁ «አክሙ» ብሎ መስጠት በጣም ጥሩ ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል።

ደረጃ 6፦ የራሳቸውን መረጃ በኤክሴል

የተዘጋጀ ሰንጠረዥ አትስጡ። መረጃውን ራሳቸው ይሰብስቡ። አንዱ ማስመሪያ ወደ ታች አንጠልጥሎ ይልቀቅ፤ ሌላው በሁለት ጣቱ ይያዘው። ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ ያዘው? በቀኝ እጅ አምስት ጊዜ፣ በግራ አምስት ጊዜ። የትኛው እጅ እንደሚቀድም አስቀድመው ይጻፉ።

ርቀቱን ወደ ጊዜ ለመለወጥ የፊዚክስ ቀመር አለ፦ ርቀቱን በሜትር በ2 አባዙ፣ ለ9.8 አካፍሉ፣ ከዚያ ካሬ ሥሩን ውሰዱ። 20 ሴንቲ ሜትር ወደ 0.2 ሰከንድ ይመጣል። 9.8ን ለብቻው ሴል ዲ1 ላይ እንዲያስቀምጡና ቀመሩ ከዚያ እንዲያነብ አድርጉ። የመጀመሪያው ረድፍ በትክክል ይሠራል። አሁን ቀመሩን ወደ ታች ከመጎተታቸው በፊት ቆም በሉ፦ ምን ይሆናል?

የሚሆነው ከሁለተኛው ረድፍ ጀምሮ «በዜሮ ማካፈል» የሚል ስህተት ነው። ቀመሩ ሲወርድ ዲ1 የነበረው ዲ2፣ ዲ3 እየሆነ ባዶ ሴል ላይ ስለሚያርፍ ነው። የዶላር ምልክት ከፊደሉና ከቁጥሩ ፊት ሲገባ ሴሉ ከቦታው አይነቃነቅም። ምልክቱን ቀድማችሁ ካስተማራችኋቸው በሳምንቱ ይረሱታል። ስህተቱን ካዩ በኋላ ግን ራሳቸው ይፈልጉታል።

ደረጃ 7፦ ኢንተርኔት ላይ መጠራጠርና መጠበቅ

ተማሪ አንድ ድረ ገጽ ታማኝ መሆኑን ሲጠየቅ ገጹን ያያል፤ ያምራል፣ ሥዕል አለው፣ ጨረሰ። መረጃ በማጣራት ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች ግን ከገጹ ይወጣሉ። ሌላ ታብ ከፍተው ስለ ገጹ ባለቤት ሌሎች ምን እንደሚሉ ይፈትሻሉ። ይህን ተግባር አድርጋችሁ ስጧቸው፦ ሁለት ገጾች፣ 10 ደቂቃ፣ ከገጾቹ ውጭ ባገኙት መረጃ ብቻ ፍርድ። ፎቶም ከሆነ (በደረጃ 1 የመዘገባችሁትን የሥዕል ባለቤት ስህተት እዚህ አንሱ) በምስል ፍለጋ መጀመሪያ የወጣበትን ጊዜ ይፈልጉ፤ የቆየ ፎቶ በአዲስ ዜና ላይ ተለጥፎ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ፓስወርድን በሒሳብ አስተምሩ። 4 አሃዝ ያለው ፒን 10,000 አማራጭ አለው፤ 6 አሃዝ ሲሆን ሚሊዮን። በ26 ትናንሽ የላቲን ፊደላት ብቻ በዘፈቀደ የተሠራ ባለ 8 ፊደል ፓስወርድ ላይ 4 ፊደል ብትጨምሩ አማራጩ 456,976 እጥፍ ይሆናል። ርዝመት ምን ያህል እንደሚያከብደው በካልኩሌተር ያረጋግጡ። የራስ ስምና የልደት ዓመት ግን በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። በልምምዱ ጊዜ ማንም እውነተኛ ፓስወርዱን እንዳይጽፍ አጥብቃችሁ ንገሩ።

በስልክ የተነሳ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ ሊይዝ እንደሚችልም አሳዩ። የራሳችሁን ፎቶ ተጠቀሙ፤ የልጆቹን አይደለም።

ደረጃ 8፦ ቻትቦትን ምን እናድርገው?

በጽሑፍ ሲጠየቅ የሚመልሰው ቻትቦት ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በ2022 ኖቬምበር መጨረሻ ከወጣ ወዲህ ይህን ጥያቄ መሸሽ አይቻልም። መከልከል ብቻውን አይሠራም፤ ቤት ሲሄዱ ይከፍቱታል። የአገልግሎቶቹን የዕድሜ ገደብ ቀድማችሁ እዩ፤ ብዙዎቹ ከ13 በታች አይፈቅዱም። እናንተ በፕሮጀክተር ብታሳዩ ይበቃል።

መጀመሪያ ያለ ማሽን ተጫወቱ። ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር ጻፉና የሚቀጥለውን ቃል ሁሉም ለየብቻው ይገምት። ብዙ ሰው የገመተውን ቃል ውሰዱና ቀጥሉ። ጥሩ የሚመስል ዓረፍተ ነገር ይወጣል፤ እውነት መሆኑን ግን ማንም አልጠየቀም። ቻትቦቱም በመሠረቱ ተከታዩን ቃል እየገመተ ነው የሚጽፈው። ለዚህ ነው የተሳሳተውንም በሙሉ ልብ የሚናገረው።

ኮድ ከቻትቦት ያመጣ ተማሪ ሲያጋጥማችሁ «ማነው የሠራልህ?» ብላችሁ አታፋጡት። ኮዱን አትሙና የሁለቱን ዓምድ ሰንጠረዥ እንዲሞላበት ስጡት። ከቻለ ተምሯል። ካልቻለ ራሱ ያውቀዋል።

ደረጃ 9፦ ማርክ አሰጣጥ

የምርጫ ጥያቄ ብቻ አትስጡ። ከፈተናው የተወሰነው ክፍል ፕሮግራም ማንበብ ይሁን፦ ይህ ምን ያወጣል? ይህን ለማስተካከል የትኛው መስመር ይቀየር? የተዘበራረቁ መስመሮችን በቅደም ተከተል ማስቀመጥም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለማረምም አይከብድም።

ፕሮጀክት ሲያስገቡ እያንዳንዳቸውን ለሁለት ደቂቃ አናግሩ። አንድ ቁጥር ጠቁሙና «ይህን 4 ወደ 6 ብለውጠው ምን ይሆናል?» በሉ። ጥንድ ከሆኑ አንደኛው የጻፈውን ክፍል ሌላኛው ያስረዳ።

የግምት ደብተሩን ግን በግምቱ ትክክለኛነት አትመዝኑት። እንደዚያ ካደረጋችሁ ውጤቱን አይተው ግምቱን ኋላ መጻፍ ይጀምራሉ። ማርኩ ለጻፈ፣ ሲሳሳትም ምክንያቱን ከጎኑ ላስቀመጠ ነው። ግምቱ በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ እርማቱ በሌላ ቀለም።